በጥር የታየ ቤት፣ በሐምሌ የመጣ ሂሳብ

የዛሬውን የሲሚንቶ፣ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ ጠዋት ለጥፌዋለሁ፣ ከፍ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ይሄኛው ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ግንቦት ሲገባ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ይለወጣል። እስከ ሚያዝያ ድረስ «ሲሚንቶ ይቀንሳል ወይ? ፌሮ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ነው። ከግንቦት በኋላ ግን «ባለ ስንት ጌጅ ቆርቆሮ ይሻለኛል? ለሚያፈስ ጣራ ምን ይቀባል? አሸንዳ በሜትር ስንት ገባ?» ይሆናል። ክረምቱ ሊገባ ነው ማለት ነው። በዚሁ ሰሞን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «አንድ ቤት አግኝቻለሁ፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ልግዛው?»

ለዚህኛው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የምመልሰው በካሬ አስልቼ ነበር። ካርታ ካለው፣ ዕዳና እገዳ ከሌለበት፣ በካሬ ከሰፈሩ ዋጋ ዝቅ ካለ «ግዛ» እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልመልስም። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። ታሪኩ የራሴ ነው፣ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ታላቅ እህቴ ኩዌት 11 ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ያጠራቀመችውን ይዛ «ወንድምዓለም፣ አንተ ዋጋ አዋቂ ነህ፣ ቤት ፈልግልኝ» አለችኝ። በ2016 ጥር ላይ አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ግቢ አገኘሁ። 105 ካሬ ላይ ያረፈ የብሎኬት ቤት፣ ካርታ ያለው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ጂብሰም ተሠርቶ አዲስ ቀለም የተቀባ ነው። ሻጩ ቸኩሏል። እኔም ያን ቀን ጥሩ ተደራደርኩ፣ ከተጠራው ዋጋ ከመቶ 7 አስቀነስኩ። በኢሞ ደወልኩላትና ስልኩን እያዞርኩ ቤቱን አሳየኋት። ኮርኒሱን፣ ሴራሚኩን፣ የላሜራ በሩን አየች።

«ውሃ አለው?» አለችኝ።

ቧንቧውን ከፈትኩላት። ፏ ብሎ ወረደ። ተሳሳቅን። በሳምንቱ ውል ተፈራረምን፣ ስምም ዞረ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጀመረ ዝናብ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። እናታችን እዚያ ቤት ነበረች። ስትደውልልኝ ውሃው አልጋው ስር ገብቶ ነበር። እስክደርስ ጉልበት ደርሷል። ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ እህቴ ከኩዌት በካርጎ የላከችው ምንጣፍ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ሁሉም ጭቃ ለበሰ። እናቴን ተሸክሜ ጎረቤት አስገባኋት። በሕይወት ነን፣ ተመስገን።

ጠዋት ላይ አጥር የምንጋራቸው እማማ ቡና አፍልተው ጠሩን። እሳቸው ቤት ውሃ አልገባም። ወለላቸው ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ወደ ላይ ነው፣ ግቢያቸውም ክፍት ስለነበር ውሃው በጓሯቸው አልፎ ሄዷል። ጠየቅኳቸው፦

«እማማ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በፊትም ነበር?»

«በየዓመቱ ባይሆንም አለ ልጄ። ባለፈው ክረምት እንዲህ አልሆነም፣ ቁርጭምጭሚት ነበር። የፊተኛውማ ባሰ።»

«ታዲያ ቤቱን ልናይ ስንመጣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰላም ብለኸኝ አለፍክ። የያዝከውን ወረቀት ነበር የምታነበው። ደግሞስ ጎረቤቴ ቤቱን ሲሸጥ በር ላይ ቆሜ አትግዙት ብዬ ልጩህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ የብሎኬት ዋጋ በሳንቲም ስከታተል የኖርኩ ሰው፣ 20 እርምጃ ርቀው የሚኖሩ ሴትዮ የሚያውቁትን ነገር ሳልጠይቅ የሰው ላብ አውጥቼ ሰጠሁ።

ወደ ገበያው እንምጣ

አዲስ አበባ ላይ የቤት ዋጋ ምን ምን ነገር እንደሚያስወጣውና እንደሚያወርደው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰፈሩ፣ ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ የካርታው ዓይነት፣ የካሬው ስፋት፣ ማጠናቀቂያው፣ መኪና ያስገባል አያስገባም፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ስም ይዞራል ወይስ በውክልና ነው። ደላላ ሲደውል ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። «በክረምት ውሃ ያቆራል፣ በዚህ ምክንያት ይሄን ያህል ቀንሶ ነው» የሚል ደላላ ግን እኔ እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዢው አይጠይቅም፣ ሻጩ አይናገርም። ባንክም ቢሆን ቤቱን መያዣ አድርጎ ሲያስገምት በዋናነት የሚያየው ካርታውን፣ የግንባታውን ዓይነትና ደረጃውን ነው። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራና ቆላ ብሎ የተሠራ ሁለት ቤት በካሬ ተቀራራቢ ዋጋ ይጠራል። ልዩነቱን ገዢው ከገባ በኋላ በፍራሽ፣ በገረጋንቲና በሲሚንቶ ይከፍለዋል።

ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ ደግሞ ችኮላው ባሰ። የምንዛሪው ለውጥ የታወጀው እኛ ጭቃ ስንጠርግ ነበር። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እህቴ ገንዘቧን በባንክ የላከችው በፊተኛው ዋጋ ነው፣ ያንን ደግሜ ባላነሳው ይሻላል። ብር በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ብሩን ወደ አንድ የሚጨበጥ ነገር ለመቀየር ሮጠ፣ መሬትና ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ሲቸኩል ማን ጓሮ ያያል? ሳምንት ሳይሞላው ቀብድ ይከፈላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እኛ የምንገዛው ቤቱን ነው፣ ከሱ ጋር መሬቱን የመጠቀም መብት ይተላለፋል። የምንከፍለው ዋጋ ግን በአብዛኛው የቦታው ነው። ጎርፍ ሲመጣ የሚበላው የኛ የሆነውን ነው፦ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ በሩን።

ዝናቡ ተለወጠ ወይስ ከተማው?

ሁለቱም። በቀላሉ እናስላው፣ ማሽን አያስፈልግም።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ነው፣ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ይሞላል። ከአንድ ቤት ጣራ ብቻ። ከናንተ በላይ ባለው ዳገት 50 ቤት አለ እንበል። 150,000 ሊትር ሆነ፣ ማለትም ባለ 10,000 ሊትር 15 ቦቴ። ግቢው ሊሾ ወይም ታይልስ ከሆነ፣ መንገዱም ኮብልስቶንና አስፋልት ከሆነ ይጨመርበታል። ድሮ ያ ዳገት ሣርና እርሻ ሆኖ ሳለ ውሃውን አፈሩ ይጠጣው ነበር፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አሁን 15ቱም ቦቴ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦይ ይመጣሉ። ቦዩ ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የግንባታ ተረፈ ምርት አለ። አሸዋውን መንገድ ላይ አውርደን የምንተው እኛው ነን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቱቦ ውስጥ ይከተዋል።

የከተማችን አቀማመጥም አለ። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲይቀጡ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ሁሉም ወደ ደቡብ ነው የሚፈሱት፣ አባ ሳሙኤል ደርሰው ወደ አዋሽ ይገባሉ። ሽሮ ሜዳ የዘነበ ዝናብ ቃሊቲ ይደርሳል። ርካሽ ቦታና አዳዲስ መንደር ደግሞ ያለው ወደዚሁ ወደ ታች ነው።

ዝናቡስ? የክረምት ዝናብ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴን ስትዘንብ ኖራለች። የተለወጠው አወራረዱ ላይ ያለው ስጋት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚሸከመው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሄ የቆየ ፊዚክስ ነው። የተሸከመውን ሲጥል በአንድ ጊዜ ይጥላል። የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ስብስብ የሆነው አይፒሲሲ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ምድር እየሞቀች ስትሄድ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ኃይለኛ ዝናብ እንደሚበረታ ጽፏል። ስለዚህ «አባቴ እዚህ 30 ዓመት ኖሯል፣ ውሃ ገብቶ አያውቅም» የሚለው ጥሩ መረጃ ነው፣ ግን ለሚቀጥለው 30 ዓመት ዋስትና አይሆንም።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ፣ በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ደረቅ ወንዝ ዳር ያለ ቤት በጥር ስታዩት ወንዝ ያለ አይመስላችሁም።

ጎፋንም አስታውሱ። ሐምሌ 15፣ 2016 ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ከዝናብ በኋላ የተራራው ገላ ተናደ። ሰው የተቀበሩትን ሊያወጣ ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ መጣ። የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። እኛ ቤት ውሃ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ያጣሁት ፍራሽና ፍሪጅ ነበርና አፌን ዘግቼ ጭቃዬን ጠረግሁ።

ወንዝ ዳር ያለ ቤት ሌላም ስጋት አለበት። ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀምሯል፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ብቻ 56 ኪሎ ሜትር ነበር። ወንዝ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ከውሃው ቢያመልጥ ከፕላኑ ላያመልጥ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ቦታው በፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ አጣሩ።

ጥቁር አፈር፣ የማይታየው ጎርፍ

ጎርፍ ቢያንስ ይታያል። ከቦሌ ደቡብ እስከ አቃቂ ያለው ብዙ ቦታ ግን ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ይሄ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን በዓመት አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ያወርደዋል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት ካልነካ፣ ወይም ዋልካው ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ፣ ግድግዳው በሁለት በሦስት ክረምት ይናገራል። ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ ሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ በጋ የሚዘጋ ክረምት የማይዘጋ በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ ሊሾ፣ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ድርቁ በረዘመና ዝናቡ በበረታ ቁጥር ማበጡም መሰንጠቁም ይብሳል።

ጂብሰምና ቀለም ይሄን ሁሉ ለስድስት ወር ይደብቃል። ስድስት ወር ደግሞ ቤት ለመሸጥ በቂ ነው። አዲስ ቀለም ያለው ቤት ሁሉ ችግር አለበት ማለቴ አይደለም፣ ሰው ሲሸጥ ያሳምራል፣ ያለ ነው። ግን ከታች እስከ ወገብ ብቻ የታደሰ ግድግዳ ካያችሁ ቆም በሉ። የኛ ቤት እንደዚያ ነበር። አይቼዋለሁ፣ «ጥሩ ዙኮሎ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ሂሳቡ ስንት መጣ?

ዋጋውን በብር አልጽፍላችሁም፣ በወሩ ይለወጣል። መጠኑን ልስጣችሁ፣ ጠዋት በለጠፍኩት ዋጋ አባዙት።

የክፍሎቹ ወለል 60 ካሬ ነው። በ40 ሳንቲ ከፍ ለማድረግ 24 ሜትር ኪዩብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ያስፈልጋል። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 30 ገደማ ትገዛላችሁ፣ ባለ 16 ኪዩብ ሲኖ ሁለት ጉዞ ማለት ነው። ከላዩ 10 ሳንቲ ኮንክሪት 6 ኪዩብ ይሆናል። ሲ-25 ለሚባለው በኪዩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ስንይዝ ወደ 22 ኩንታል። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፌሮና ሽቦ አለ። ነባሩ ሴራሚክ ጠፋ፣ አዲስ ተገዛ። ወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል ባለ 2 ሜትር ከ10 በር 1 ሜትር ከ60 ይቀራል፣ ስለዚህ የበሩ ራስ ሁሉ ተቆርጦ ወደ ላይ ወጣ። ማከፋፈያዎች ከፍ አሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ እንደገና ተሠራ። ኮርኒሱ ቀርቧል፣ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። አጥሩ ስር የድንጋይ ግንብ ገባ። ከዚያ የአናጢው፣ የግንበኛው፣ የቀን ሠራተኛው።

ይሄ ሁሉ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ነው የተገዛው። በየሳምንቱ «ፌሮ ጨመረ፣ ሴራሚክ ጨመረ» ብዬ ስጽፍላችሁ ለራሴም እየጻፍኩ ነበር። መጨረሻ ላይ ስደምረው፣ በድርድር ያስቀነስኳት ከመቶ 7 ሙሉ በሙሉ ሄዳለች፣ ሌላ ያንኑ የሚያህል ደግሞ ከላዩ ተጨምሯል። ርካሽ ብዬ የገዛሁት ቤት ከሰፈሩ ውድ ቤት ሆነ።

ኢንሹራንስስ? አልነበረንም። ብዙዎቻችሁም የላችሁም። ባንክ በቤት መያዣ ሲያበድር ኢንሹራንስ እንድትገቡ ይጠይቃል፣ በጥሬ ብር የገዛ ሰው ግን ማን ያስገድደዋል? ያላችሁም ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የቤት ኢንሹራንስ በመሠረቱ የእሳት ነው፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በተጨማሪ ክፍያ የሚገቡ ሽፋኖች ናቸው። «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ተኝቶ ጎርፍ የማይሸፍን ወረቀት ይዞ የሚነቃ ሰው አለ።

ደላላው የሰጠኝ ምክር

ነሐሴ ላይ ያንን ደላላ ደወልኩለት። ተቆጥቼ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፣ እንዲያውም አጽናናኝ።

«ችግር የለም ወንድሜ። አሁን እንዳትሸጠው። ጥር ይግባ፣ መሬቱ ይድረቅ፣ ከታች ያለውን ጂብሰም አስመታው፣ ቀለም ቀባው። ዶላሩም ጨምሯል፣ ከገዛህበት በላይ አውጥቼ እሸጥልሃለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሄዷል። በወረቀት ላይ ትርፍ ነው። ሲሸጥልኝም እንዲህ ነው የተሸጠልኝ፣ ማንም የነገረኝ የለም። ለእህቴ ደውዬ እንደ መፍትሔ አቀረብኩላት። ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «የሚገዛው ማን ይመስልሃል? ሀብታም እዚያ ሰፈር አይገዛም። እንደ እኔ ያለች ናት የምትገዛው። የሰው ወለል እየወለወለች ያጠራቀመችውን ልትሰጠን ነው። እኔ ይሄን አላደርግም። ካልሆነልን እውነቱን ነግረን በቀነሰ እንሸጣለን፣ ከሆነልን እንኖርበታለን።»

እውነቱን ነግረን ለመሸጥ ሞከርን። ሁለት ገዢ መጣ። ውሃው የደረሰበትን ምልክት ስናሳያቸው አንደኛው አመስግኖ ሄደ። ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ጠየቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ቤቱ እውነተኛ ዋጋ አለው፣ ግን እውነቱን የሚናገረው ሻጭ ብቻውን ከሆነ ኪሳራው በሙሉ የሱ ይሆናል። ሁሉም ቢናገር ልዩነቱ ይጠባል፣ ገበያውም ይለምደዋል። ስለዚህ አሳደስነውና እህቴ ጠቅልላ መጥታ ገባችበት።

በ2017 ክረምት ውሃው እንደገና መጣ። ወደ ቤታችን አልገባም፣ ከአዲሱ ደረጃ ሁለተኛው ላይ ቆመ። ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳሁ። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ የእማማን ድምፅ ሰማሁ። እኛ አጥር ስር በሠራነው ግንብ የታገደው ውሃ ዞሮ እሳቸው ጓሮ ገብቶ ማድቤታቸውን ሞልቶታል። ያፈሉልን የነበረው ቡና ጀበና ውሃው ላይ ተንሳፎ ነበር።

ይሄን በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር አታገኙትም። አንዱ ቤቱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ውሃው ቀጣዩን ቤት ይፈልጋል። በጋ ላይ የመስመሩ 14 ቤት አዋጣን፦ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ጉልበት። ከላይኛው መንገድ እስከ ዋናው ቦይ ድረስ ሰፋ ያለ ማስተንፈሻ ቆፍረን በድንጋይ ገነባን። የኛን ግንብ አንድ ቦታ ላይ አፍርሰን ውሃ ማሳለፊያ ሰጠነው። በነፍስ ወከፍ የወጣው ብር አንድ ቤት ወለሉን ለማንሳት ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ነው። ይሄ ክረምት ይፈትነዋል፣ በነሐሴ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ቤት ልትገዙ ያላችሁ፣ ይሄን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ

1. ከተቻለ ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ እዩት፣ ዝናብ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ካልተቻለ ቢያንስ ሦስት ጎረቤት ጠይቁ። ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ሳይሆን ብቻችሁን ተመለሱና ጠይቁ። ኪራይ የሚኖር ሰው ከባለቤት ይልቅ በግልጽ ይናገራል።

2. የቤቱ ወለል ከመንገዱ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? መንገዱ ገና ኮብል ወይም አስፋልት ካልለበሰ ሲለብስ ከፍ እንደሚል አስቡ። ዛሬ እኩል የሆነ ነገ ከታች ነው።

3. ግድግዳውን ከታች እስከ ወገብ እዩ። የቀለም ልዩነት፣ ያበጠ ጂብሰም፣ የዛገ የበር እግር፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሶኬት ካለ ምክንያቱን ጠይቁ።

4. ከላያችሁ ያለውን ዳገት ውጡና እዩ። ስንት ቤት አለ? ምን እየተሠራ ነው? ውሃው በየት ይወርዳል? ዳገቱን ቆርጦ የተሠራ ቤት ከሆነ የድጋፍ ግንቡ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ አለው?

5. አፈሩን ጠይቁ። ጥቁር ከሆነ መሠረቱ ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ገረጋንቲ ገብቶ እንደሆነ የሠራውን ግንበኛ አናግሩ።

6. በጋ ላይ ደግሞ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ። አንድ ቤት ሐምሌ ላይ ውሃ በዝቶበት፣ መጋቢት ላይ በቦቴ ሊገዛ ይችላል። እህቴ «ውሃ አለው?» ስትለኝ ሁለቱንም መመለስ ነበረብኝ።

7. ያገኛችሁትን ችግር ወደ ቁሳቁስ ቀይሩት። ስንት ሲኖ፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ሜትር ግንብ? በዕለቱ ዋጋ አባዙና ከቤቱ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ተደራደሩ። ስሌቱን ለሻጩ አሳዩት። በስሌት የመጣን ገዢ ሻጭ ያከብራል።

የምትሸጡም አላችሁ፣ አውቃለሁ። ለናንተ ምክር የመስጠት ሞራል የለኝም፣ እኔም ጥር ድረስ ልጠብቅ ነበር። እህቴ ያለችኝን ብቻ ነው የማስተላልፈው።

ነገ ጠዋት የቆርቆሮና የአሸንዳ ዋጋ ከመርካቶ ይዤ እመለሳለሁ። የሰፈራችሁን ቦይ ከሰኔ በፊት አጽዱ። ሐምሌ ላይ ውሃ የሚያቆርባቸውን ቦታዎች ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የሰው ስምና የቤት ቁጥር ሳልጠቅስ በየአካባቢው እለጥፈዋለሁ። በመስከረም ቤት የሚፈልግ ሰው ያየዋል።

መልካም ክረምት ይሁንልን። ቤት ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ አጋሩት።